ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ፦ ደም ስለ ሳንባ ሕመም ጽናት የሚመሰክረው

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በመርካቶና በአካባቢው ከየደጁ የተጠረገው ጥራጊ ተከምሮ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ያ በሽታ በዚያው ጊዜ (እ.ኤ.አ. በ1918) ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ በከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 የሚደርስ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንንም በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ዋናው ገበያ ያን ጊዜ አራዳ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በኋላ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው።

በከተማይቱ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ስለ በሽታው የሚያውቁት እጅግ ውሱን ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በመሆኑም ከሕሙማኑ መካከል ማን እንደሚድን፣ ማንስ እንደሚከፋበት ለመገመት የነበረው መንገድ ትንፋሹን ማዳመጥ፣ ትኩሳቱንና የፊቱን መልክ መመልከት ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በስቶክሆልም ሮቢን ፎሬዩስ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም የነፍሰ ጡር ሴቶች ቀይ የደም ሕዋሳት በፍጥነት እንደሚዘቅጡ አስተዋለ። ፖላንዳዊው ኤድመንድ ቢየርናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1897 ተመሳሳይ ነገር በሕሙማን ደም ላይ ገልጾ ነበር። አልፍ ቬስተርግሬን እ.ኤ.አ. በ1921 የአለካኩን ዘዴ በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ ያለው ፋይብሪኖጅን ይበዛል፣ ሕዋሳቱም እንደ ተደራረበ ሳንቲም ተጣብቀው ቶሎ ይወርዳሉ። ኢ.ኤስ.አር. የተባለው ምርመራ ከዚህ ተወለደ።

እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን (ሲ.አር.ፒ.) የተሰኘውን አገኙ። ፍራንሲስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስንና ክትባቱን ከመረመሩት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ይህ ፕሮቲን በጉበት ይሠራል፤ ብግነት በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ መንስኤው ሲወገድም ቶሎ ይቀንሳል። ኢ.ኤስ.አር. ግን ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ የደም ማነስ፣ እርግዝናና ዕድሜም ይለውጡታል።

ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲታወቅ ሐኪሞች እጅ ላይ የነበረው መሣሪያ እንግዲህ ብዙ ነበር። ሻጭና ገዢ ትከሻ ለትከሻ በሚጋፉበት በመርካቶ ሕመሙ ቢዛመት ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም ነበር። የኦክስጅን አልጋ ለማን ይቅደም የሚለው ጥያቄም በየሀገሩ ሐኪሞችን አስጨነቀ። ከሲ.አር.ፒ. ጋር ፌሪቲንና ዲ-ዳይመር ከፍ ማለታቸው፣ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም መቀነሳቸው ከከባድ ሕመም ጋር እንደሚያያዙ ተረጋገጠ። በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ታላቅ ጥናት ቶሲሊዙማብ የተሰኘውን መድኃኒት የፈተነው የኦክስጅን መጠናቸው በወረደና ሲ.አር.ፒ.ያቸው በሊትር 75 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሕሙማን ላይ ነበር፤ ሞትንም እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2021 ተገለጸ።

ሆኖም በዚያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 የተገኘው የዴክሳሜታዞን ውጤት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ርካሹ መድኃኒት የጠቀመው ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን ነው፤ ላላስፈለጋቸው ጥቅም አልታየበትም። መለያው የደም ጠቋሚ ሳይሆን የትንፋሹ ሁኔታ ነበር።

ጠቋሚዎቹ የሚለኩት ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠውን ምላሽ ነው። የሳንባ ነቀርሳም ሆነ በቫይረስ ላይ የተደረበ የባክቴሪያ ምች ሲ.አር.ፒ.ን ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1918 ከሞቱት አብዛኞቹ ለሕልፈት የተዳረጉት በዚህ ዓይነት በተደረበ ምች መሆኑን ዘግይተው የተደረጉ የሬሳ ናሙና ጥናቶች አሳይተዋል። አንድ ቁጥር ብቻውን ብይን አይሰጥም፤ በተከታታይ ሲለካና ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ሲነበብ ግን ይረዳል።

ስለሆነም ላቦራቶሪው ውሱን በሆነበት ጤና ጣቢያ ቅድሚያ የሚሰጠው ትንፋሽን መቁጠርና በጣት መለኪያ ኦክስጅንን ማየት ነው። የደም ምርመራው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። በ1911 ዓ.ም. የነበሩት ሐኪሞች ያዳመጡት ትንፋሽ ዛሬም የመጀመሪያው ምስክር ነው፤ ደም ሁለተኛውን ጨመረለት እንጂ አልተካውም።