ካርታው ሲመረመር የተረሳው ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ነባር ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የማያጣራው የለም። ካርታው በሻጩ ስም ነው ወይ፣ እዳና እገዳ አለበት ወይ፣ የትዳር ጓደኛ ትፈርማለች ወይ፣ ያልታየ ወራሽ ይመጣ ይሆን፣ ቦታው በመልሶ ማልማት ይነሳ ይሆን እያለ ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። የቤቱን ቋሚ ምስጥ በልቶት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ግዴለሽነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ልማዱን የፈጠረው ታሪክ ነው፣ ምክንያቱን ካላወቅነውም አይለወጥም እላለሁ።

የከተማዋ ነባር ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ፣ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ባለጸጋው ምድር ቤቱን በድንጋይ ገንብቶ ፎቁን በጭቃና በእንጨት ያሠራል፤ ዙሪያውንም በረንዳ ያዞርበታል። በረንዳው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የክረምቱን ዝናብ ከግድግዳው ያርቃል። እንዲህ ያለ ቤት የሚቆየው በየጊዜው ሲታደስ ነው፤ ክረምት ያራገፈው ምርጊት በበጋ ይለሰናል፣ የበሰበሰ ቋሚ ይቀየራል። የሚያድሰው ሰው የቤቱን ሕመም ስለሚያውቅ፣ የቤቱን ሁኔታ ለማወቅ ጥገናውን ማየት ይበቃ ነበር።

ይህን የእድሳት ልማድ ያቋረጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ጣሪያውን ለማስጠገን ግን ያ ኪራይ አልበቃም። በግል እጅ የቀረውን ቤት ባለቤት ደግሞ ሌላ ስጋት ያዘው። ቤት በአንድ ቀን አዋጅ እንደሚወሰድ ያየ ትውልድ ከግድግዳው ይልቅ ለወረቀቱ ቢሳሳ ምን ይገርማል?

ከዚህ አንድ ተቃርኖ ተወለደ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ በሕግ ፊት የሚሸጠው ቤቱ ነው። ውሉ የሚጻፈው ስለ ቤት ሆኖ ሳለ ገዢ ዋጋ የሚቆርጠው በካሬ ሜትርና በሰፈሩ ነው፤ በውሉ የተጻፈውን ብቸኛ ዕቃ ሳይመረምር ይፈርማል ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ በግልጽ ለሚታይ ጉድለት ግን ገዢው ዓይኑን ገልጦ እንዲያይ ይጠብቅበታል። እዳና እገዳ ማጣራት ይህን አይተካም።

«የሚገዛው ሊያፈርሰው አይደል፣ ምን ያስመረምራል?» የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ለአንዳንዱ ገዢ እውነት ነው። ግን ለግንባታ ገንዘብ እስኪያገኝ፣ ፈቃድም እስኪወጣለት ልጆቹን ይዞ እዚያው ቤት የሚከርመው ብዙ ነው። «ጭቃ ቤት ምን አለው?» የሚለውም ቢሆን ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። ጭቃ ቤት ሕመሙን አይደብቅም፤ የሚደብቀው በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም የተቀባው ነው። ልስኑን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ካሰማ ከጭቃው ተላቋል። ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን የአፈር መስመር ወደ ላይ ከወጣ የምስጥ መንገድ ነው፤ በቢላ ጫፍ ሲወጉት ከገባ ያ ቋሚ አልቋል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈስሳል። እንደ ቦሌ ባለ ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ በክረምት ያበጠው መሬት በበጋ ስለሚኮማተር ግድግዳው በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በርም አልዘጋ ይላል፤ ይህን በጥር ያየ ገዢ በነሐሴም ተመልሶ ቢያይ ይበጀዋል። ይህን ሁሉ ለማየት አንድ የቆየ አናጢ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ያገኘውም ጉድለት ከቀብድ በፊት ከተነሳ ወይ ከዋጋው ይቀነሳል፣ ወይ ሻጭ እንዲያስጠግነው ውሉ ላይ ይሰፍራል።