ስምና ኃላፊነት
የድርጅት ስም አወጣጥ ታሪክ በአጭሩ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ለሕፃን ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለፋብሪካ፣ ለባንክ ወይም ለሙዚቃ ጓድ ግን ስም የሚያወጣው መሥራቹ ራሱ ነው። መሥራቹም ስሙን ሲመርጥ ገበያውን፣ ሕጉን፣ የራሱን ክብርና የደንበኛውን አንደበት ማመዛዘን ግድ ይሆንበታል። ከሙያ ባልደረቦቻችን መካከል የግል የምክርና የግንባታ ድርጅት የሚያቋቁሙት እየበዙ በሄዱበት በአሁኑ ጊዜ፣ ቀደም ያሉት መሥራቾች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት መመልከቱ ጠቃሚ ነው።

በአውሮፓ የኢንዱስትሪ ዘመን የተለመደው መንገድ የመሥራቹን የቤተሰብ ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ቬርነር ሲመንስና ዮሐን ጌኦርግ ሃልስከ በበርሊን ከተማ የቴሌግራፍ መሣሪያ መሥሪያ ባቋቋሙ ጊዜ ድርጅታቸው በሁለቱ ስም ተጠራ። ገዢው ዕቃውን ከመመርመሩ በፊት ሠሪውን ያውቅ ስለነበር፣ ስሙ እንደ ዋስትና ያገለግል ነበር። ሃልስከ እ.ኤ.አ. በ1867 ከሽርክናው ቢወጣም፣ ስሙ ግን የዛሬው የሲመንስ አክሲዮን ማኅበር እስከተመሠረተበት እስከ 1966 ድረስ ሳይፋቅ ቆይቷል። ሰውየው ከሥራው ከተለየ በኋላ ስሙ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሠራ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስም ከባለቤቱ ተለይቶ መኖር ከቻለ፣ ባለቤቱም ስሙን ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ከአውጉስት ሆርኽ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1899 በኮሎኝ ከተማ በስሙ የሚጠራ የአውቶሞቢል ፋብሪካ አቋቋመ። ኋላም ከፋብሪካው አስተዳደር ጋር ባለመግባባቱ በ1909 የራሱን ድርጅት ትቶ ወጣና በዝቪካው ከተማ ሌላ ፋብሪካ ከፈተ። አዲሱንም በስሙ ሊጠራው ቢፈልግ የቀድሞ ባልደረቦቹ ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም ስሙ የእነርሱ ድርጅት መሆኑን ወሰነ። ሆርኽ ከእናት ከአባቱ የወረሰውን ስም በራሱ ሥራ ላይ መጻፍ ተከለከለ። ጉዳዩን ለመምከር በአንድ ወዳጁ ቤት በተሰበሰቡበት ጊዜ፣ በዚያው ክፍል የላቲን ትምህርቱን ሲያጠና የነበረው የወዳጁ ልጅ መፍትሔውን አመጣ። «ሆርኽ» በጀርመንኛ «አዳምጥ» ማለት ስለሆነ፣ ስሙ ወደ ላቲን ተተርጉሞ «አውዲ» ይባል አለ። ድርጅቱም በ1910 ይህን ስም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሁለቱ ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ከሌሎች ሁለት ጋር ተዋሕደው አውቶ ዩኒየን የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርቱ፣ አራቱ ቀለበቶች የአራቱ ድርጅቶች ምልክት ሆኑ።

ሌሎች ደግሞ ከቤተሰብ ስም ሆን ብለው ራቁ። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ለፎቶግራፍ መሣሪያው «ኮዳክ» የሚል በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌለው ስም ፈጠረ። ቃሉ አጭር፣ ለንባብ የማያስቸግርና ከሌላ ከምንም ነገር ጋር የማይምታታ እንዲሆን አስቦበት ነው። በጃፓንም የቶዮዳ ቤተሰብ የመኪና ሥራ በጀመረ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1936 የዓርማ ውድድር አውጥቶ 27,000 ያህል ሐሳብ ቀረበለት፤ ከዚያም «ዳ» የሚለው ድምፅ ወደ «ታ» ተለወጠ። በካታካና ፊደል «ቶዮዳ» በአሥር ጭረት ሲጻፍ «ቶዮታ» በስምንት ይጻፋል፤ ስምንት ቁጥርም በጃፓኖች ዘንድ የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለውጡ ድርጅቱን ከአንድ ቤተሰብ ንብረትነት ከፍ አድርጎ ለማሳየት ረዳ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በእኛ ባህል ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ይዞ አይኖርም። ስለሆነም «እገሌና ልጆቹ» የሚል ሰሌዳ ሦስተኛው ትውልድ ዘንድ ሲደርስ ከባለንብረቱ መጠሪያ ጋር አይገናኝም። ለዘለቄታ የታሰቡ ድርጅቶች ስማቸውን ከተራራ፣ ከወንዝ፣ ከጥንት ከተማና ከዱር አራዊት የሚወስዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አዋሽ፣ ዳሸንና ንብ የተባሉትን ባንኮች ማስታወስ ይበቃል።

የባንክ ታሪካችንም ስም ከዘመን ጋር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያሳያል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት በየካቲት 1898 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው ባንክ፣ ባዕዳን አገራችንን በሚጠሩበት ስም «የአቢሲኒያ ባንክ» ተባለ። በ1923 ዓ.ም. ይህ ባንክ ፈርሶ «የኢትዮጵያ ባንክ» ሲተካው፣ የባለቤትነቱ ለውጥ በስሙም ላይ ታየ። ነገር ግን በየካቲት 1988 ዓ.ም.፣ ማለትም ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ አንድ የግል ባንክ ያንኑ የአቢሲኒያን ስም አንሥቶ ሥራ ጀመረ። በአንድ ወቅት የባዕድ ድርጅት መታወቂያ የነበረው ቃል በሌላ ወቅት የቀደምትነት ማስታወሻ ሆነ።

በሥነ ጥበቡ መስክ የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዘመናዊው ሙዚቃችን ባደገባቸው ዓመታት ሙዚቀኛው የሚታወቀው በአሠሪው ስም ነበር፤ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራና የፖሊስ ኦርኬስትራ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ሙዚቀኞች ከመንግሥት ደመወዝ ወጥተው በየሆቴሉ በግል መጫወት ሲጀምሩ ግን ስም ማውጣት የራሳቸው ፋንታ ሆነ። «ዋልያስ» የተባለው ጓድ በሰሜን ተራሮች የሚኖረውን እንስሳ ስም ወስዶ የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር አመልካች ጨመረበት። «አይቤክስ» የእንስሳውን ዘር በእንግሊዝኛ ጠራ፤ በኋላም የላሊበላ ጥንታዊ መጠሪያ በሆነው «ሮሃ» ተተካ። ሁለቱም አገርኛውንና የውጭውን ለማስታረቅ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

አምሃ እሸቴ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ሸክላ የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወጣት በ1961 ዓ.ም. ገደማ «አምሃ ሪከርድስ» የሚል ምልክት ያለበት ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ክልከላውን ለመድፈር የተነሣ ሰው ከአንድ የወፍ ወይም የወንዝ ስም በስተኋላ ሊሸሸግ ይችል ነበር። አምሃ ግን የራሱን ስም ጻፈ፤ ጠያቂ ቢመጣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከሸክላው መሐል ይነበብ ነበር።

ሕጋችንም ስምን የሚመለከተው በዚሁ ዓይን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ቢያንስ የሁለት ሸሪኮችን ስም እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ እነዚህ ሸሪኮች ለማኅበሩ ዕዳ በግል ሀብታቸው ጭምር ኃላፊዎች ነበሩና። በአንጻሩ አክሲዮን ማኅበር የፈለገውን ስም ሊመርጥ ይችል ነበር፤ ሆኖም ኃላፊነቱ የተወሰነ መሆኑን ሦስተኛ ወገን እንዲያውቅ «አክሲዮን ማኅበር» የሚለውን ቃል ማስከተል ነበረበት። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም፣ በስሙ ውስጥ ያለው የኃላፊነት መልእክት ግን አላረጀም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ስም ደንበኛው ያለ ችግር የሚጠራውና የሚጽፈው ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ሽርክና ሲፈርስ ስሙ ለማን እንደሚቀር አስቀድሞ በውል መጻፍ አለበት፤ ሆርኽ ይህን ባለማድረጉ የገዛ ስሙን አጥቷል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ለጆሮ ያማረ የባዕድ ቃል ከመዋስ በፊት በዚያ ስም ለመጠየቅ ዝግጁ መሆንን ማረጋገጥ ነው። የነጋዴ ዕቃ ተሸጦ ያልቃል፤ መሐንዲስ የፈረመበት ድልድይ ግን ፈራሚው ካለፈ በኋላም ሰው ይሻገርበታል። የተሰነጠቀ ምሰሶ ያየ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሠራው?» ብሎ ነው፤ የድርጅታችን ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት መቻል አለበት።