ብረት በኤምአርአይ ክፍል

ኤምአርአይ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጠኛ ክፍል የሚያሳይ የሕክምና መሣሪያ ነው። በሆስፒታሎች የተለመዱት ማሽኖች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጉልበት አላቸው፤ 1.5 ቴስላ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ በአብዛኞቹ ማሽኖች ማግኔቱ ምርመራ ባይኖርም፣ ሌሊትም ቢሆን አይጠፋም። የማግኔቱ ጥቅልል ሽቦ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰ ፈሳሽ ሂሊየም ስለሚቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ ይዞርበታል። ስበቱም ቀስ ብሎ አያስጠነቅቅም። በሩ ላይ ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ የነበረ መቀስ ጥቂት እርምጃ ሲቀርብ በድንገት ይወነጨፋል፤ የሚበርረውም ታካሚው ወደተኛበት ቀዳዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ሳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ ጭንቅላቱን መታውና ሞተ። ሲሊንደሩ የመጣው ሊረዳው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የኤምአርአይ ደኅንነት መመሪያ አወጣ።

ወርቅና አሉሚኒየም በማግኔቱ አይሳቡም፤ ቢሆንም በሬዲዮ ሞገዱ ግለው ቆዳ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የማይታየው ብረት ነው፦ የቆየ የልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ ክሊፕ፣ ዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ስባሪ። ባለሙያው «ብየዳ ሠርተው ያውቃሉ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ያቺ ስባሪ ከተንቀሳቀሰች ዓይን ታጠፋለች።