ካስ ቴክ፦ ከመፍረሱ በፊት ፎቶ የተነሣው ትምህርት ቤት

በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ እምብርት ለዘጠና ዓመት ያህል የቆመው ባለ ስምንት ፎቁ የካስ ቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2011 ፈረሰ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከመፍረሱ በፊት ባዶውን በቆየባቸው ዓመታት ግን ካሜራ ያነገቱ ሰዎች እየገቡ ክፍሎቹንና መተላለፊያዎቹን አንሥተዋል። የሠሩት ሥራ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ፎቶዎች ስለ ትምህርት ቤቱ እኩል አይመሰክሩም።

ካስ ቴክ ሥራ የጀመረው በ1907 በአንድ ነባር ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጊዜው ዲትሮይት የመኪና ከተማ መሆን የጀመረችበት ነው። ፋብሪካዎቹ ንድፍ የሚያነብ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ወጣት ይፈልጉ ነበር። በ1920 የከተማዋ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትምህርት ቤቱም ከተማሪው ብዛት የተነሣ ጠበበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተጓተተው ትልቁ ሕንፃ ተጠናቆ የተከፈተው በ1922 ነው።

ተማሪ የሚገባው በፈተና በመሆኑ ከየሰፈሩ የተመረጡ ልጆች እዚያ ይገናኙ ነበር። የመምህራኑም ዝርዝር የሚያስገርም ነው። ቻርልስ ሊንድበርግ በግንቦት 1927 ብቻውን አትላንቲክን በአውሮፕላን አቋርጦ ፓሪስ ሲያርፍ፣ እናቱ ኢቫንጀሊን የካስ ቴክ የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። በ1925 የተጀመረው የበገና ትምህርት ደግሞ በገናን ወደ ጃዝ ያስገባችውን ዶሮቲ አሽቢን አፍርቷል። ሮን ካርተር ቼሎውን ትቶ ባስ ያነሣው እዚያው ሳለ ነው። ዳያና ሮስ ዝነኛ ዘፋኝ ከመሆኗ በፊት የልብስ ንድፍ የተማረችው፣ የመኪና መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያንም የተማረው በዚያው ሕንፃ ነው።

ፋብሪካና ነዋሪ ከከተማዋ መውጣት ሲጀምሩ ጉዳቱ ለትምህርት ቤቶቹም ተረፈ። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዲትሮይት ሕዝብ በ2010 ወደ 714 ሺህ ወርዷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ያስተምሩ የነበሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባዶ እየቀሩ ብዙዎቹ ተዘጉ። ካስ ቴክ የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ በ2005 አጠገቡ በተሠራ አዲስ ሕንፃ ትምህርቱ ቀጠለ። አሮጌው ግን መጻሕፍትና ወንበሮች እንደ ተዝረከረኩበት ቀረ። ብረትና መዳብ ፈላጊዎች ዘረፉት፣ በ2007 እሳት ተነሣበት። የቀድሞ ተማሪዎች እንዲተርፍ ቢማጸኑም አልሆነም።

አንድሩ ሙር የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ2010 ስለ ዲትሮይት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በካስ ቴክ ግድግዳ ላይ ያገኘው ሰዓት ይታያል። ፊቱ በሙቀት ቀልጦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ድንቅ ፎቶ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ፍርስራሹን እንጂ ሰውን አያሳዩም ሲሉ በእንዲህ ያሉ ሥራዎች ላይ ያነሡት ቅሬታ ልክ ነው እላለሁ። የሰዓቱን ፎቶ የሚያይ ሰው መጥፋቱን ያያል፤ ማን በዚያ ሰዓት እየተመራ ወደ ክፍል ይገባ እንደ ነበር ግን አያውቅም።

ስማቸውን ያልገለጹ የዲትሮይት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ትምህርት ቤቱ ሞልቶ በነበረበት ዘመን የተነሡ አሮጌ ፎቶዎችን ሰብስበው እያንዳንዱ የተነሣበትን ቦታ በፍርስራሹ ውስጥ ፈለጉ፤ ከዚያው አቅጣጫ ቆመው አነሡና ሁለቱን አዋሐዱ። ቀለሙ በተላጠ መተላለፊያ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ ጣሪያው በረገፈ ክፍል ልጆች ተቀምጠው ይማራሉ። ተመልካቹ በአንድ ምስል ውስጥ ሕንፃው የተሠራበትን ዓላማና የደረሰበትን በደል ጎን ለጎን ያያል። የቀድሞ ተማሪም የራሱን ክፍል ለይቶ «እዚህ ጋ ነበር የምቀመጠው» ማለት ይችላል።

ለሚፈርስ ትምህርት ቤት የሚገባው ፎቶ ይህ ነው። የተላጠ ግድግዳ በየትኛውም ባዶ ቤት ይገኛል፤ አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው የሚለየው በውስጡ የተማረው ሰው ነው። ስለዚህ የሚያነሣው ሰው ካሜራውን ይዞ ከመግባቱ በፊት ጥበቃውንና ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ የምረቃ መጽሔቶችን ያገላብጥ፤ የቀድሞ መምህራንንና ተማሪዎችን ይጠይቅ፤ ቤተ መጻሕፍቱ የቱ፣ ቤተ ሙከራው የቱ እንደ ነበር ይመዝግብ። አሮጌውን ፎቶ ከዓመታት በኋላም ከአንድ ሰው ሣጥን ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ፎቶው የተነሣበት ቦታ ላይ ቆሞ ማስተያየት የሚቻለው ግን ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ ብቻ ነው።