አቤቱታና ጥያቄ፦ የወላይታ ጤና በምክር ቤቶች ፊት



የዛሬው ገለጻዬ በሁለት ቃላት መካከል ስላለው ርቀት ነው። አቤት ባይ ይለምናል፤ ጠያቂ ግን ሒሳብ ያስወራርዳል። «ተጠያቂነት» የምንለውም ከዚሁ ከጥያቄ የተወለደ ነው። የጤናን ጉዳይ በምክር ቤት የማንሳት ታሪካችን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተደረገ፣ እስካሁንም ያልተጠናቀቀ ጉዞ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ፤ ከዚያም የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተካሄደ። ያኔ ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ነበር። ለዕጩነት ንብረት ይጠየቅ ስለነበር ጭሰኛው ድምፅ ቢሰጥም ራሱ እንደራሴ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነበር። የተመረጠውም ቢሆን የሚጠይቀው ሚኒስትር የሚጠራው ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለእርሱ አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ሌላ ነገር ይላል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠንም አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። አንቀጽ 55 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ አሠራራቸውንም እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ዛሬ ጤናንና ማኅበራዊ ልማትን አንድ ቋሚ ኮሚቴ ይከታተላቸዋል። ሥልጣኑ አለ፤ ነገር ግን በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ሲያዙ ጠያቂና ተጠያቂ የአንድ ቤት ሰዎች ሆኑ።

ከዚህ የከበደው ችግር ግን የጥያቄው አድራሻ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳዎች ጥቅል በጀት መቀበል ሲጀምሩ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደመወዝ በወረዳ እጅ ገባ። ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ በ1993 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ዞንም ገና ጀማሪ አስተዳደር ነበር። በዞናችን በቅርብ ዓመታት የተዘገበው የደመወዝ መዘግየት በሚኒስትር ፊት ቢነሳ፣ «የክልሉና የወረዳው ሥልጣን ነው» ማለት ሕጋዊ መልስ ነው። ከመራጩ ወገን ሆኖ ሲሰማ ግን በር እንደመዝጋት ነው።

ዳሞት ወይዴን እንመልከት። ወረዳው በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፤ ጠቅላላው ድጎማ ከፌዴራል መንግሥት፣ የመክፈል አቅም የሌላቸው ወገኖች መዋጮ ደግሞ ከክልልና ከወረዳ ይሸፈናል። እንግዲህ አንዲት አባል መድኃኒት አጥታ ብትመለስ ማን ይጠየቅ? ጤና ጣቢያው፣ ወረዳው፣ ክልሉ፣ ወይስ ሚኒስቴሩ? እያንዳንዱ ወደ ቀጣዩ ሊጠቁም ይችላል። የወረዳው ዋና አስተዳዳሪ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል የሚመረጥ በመሆኑም፣ በጀቱ ሲጸድቅ እጁን የሚያወጣ አባል የሚጠይቀው ጎረቤቱን፣ አንዳንዴም የመሥሪያ ቤት አለቃውን ነው። ጥያቄው ተመልሶ አቤቱታ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ «ለምን አልተከፈለም?» የሚለው ቀርቶ «እንዲታሰብልን» ይባላል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ብትኖሩ፣ ከአዲስ አበባው የምክር ቤት ስርጭት ይልቅ የወረዳ ምክር ቤቶችን ቃለ ጉባኤ ፈልጉ። የጤና ጽሕፈት ቤት በጀት የጸደቀበትን ቀን አውጥታችሁ ስንት አባል «ለምን» እንዳለ፣ ስንቱስ «እባካችሁ» እንዳለ ቁጠሩ። አሁን ተራው የእናንተ ጥያቄ ነው።