ኢንተርፌሮን በአይጦች ሰውነት ውስጥ

ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተጠቃ ሕዋስ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ቫይረስ ወደ አይጥ ሕዋስ ሲገባ ሪግ-አይ እና ኤምዲኤ-5 የተሰኙ ጠቋሚ ፕሮቲኖች ባዕዱን አርኤንኤ ይለያሉ፤ በዚህም የኢንተርፌሮን ዘረመሎች ሥራ ይጀምራሉ። ኢንተርፌሮን ራሱ ቫይረስን አይገድልም፤ ጎረቤት ሕዋሳት አስቀድመው እንዲዘጋጁ ያስጠነቅቃል እንጂ። የኢንተርፌሮን መቀበያ የተወገደባቸው አይጦች ጤነኞቹ በሚቋቋሟቸው ቫይረሶች ይሞታሉ።

ኢንተርፌሮንን እ.ኤ.አ. በ1957 ከአሊክ አይዛክስ ጋር ያገኙት ዣን ሊንደንማን፣ በ1962 ደግሞ ኤ2ጂ የተባለው የአይጥ ዝርያ ኢንፍሉዌንዛን እንደሚቋቋም አሳወቁ። ምክንያቱ በኢንተርፌሮን የሚቀሰቀሰው ኤምኤክስ1 ዘረመል መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። በአብዛኞቹ የቤተ ሙከራ አይጦች ይህ ዘረመል የተበላሸ ነው፤ በሰው ግን አቻው ይሠራል። ስለዚህም በእነዚህ አይጦች ላይ የተገኘ የኢንፍሉዌንዛ ምርምር ውጤት እንዳለ ለሰው አይወሰድም።