ሁለት አዋጆች፣ ሁለት መንገዶች

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። ብሂሉ ለጓዳ የተነገረ ቢመስልም ለሕግ አውጪም ይሠራል።

ውድ አንባቢያን፣ ለአፍታ ወደ 1993 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። በሕወሓት አመራር ውስጥ ክፍፍል በተፈጠረ ማግስት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተጠርጣሪው ግን ወዲያውኑ እንደገና ተያዙ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በጥድፊያ ተሰብስቦ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ደነገገ። ዋናው የፀረ ሙስና ሥነ ሥርዓት ሕግ አዋጅ ቁጥር 236/1993 ነበር፤ ማሻሻያው 239/1993። በመካከላቸው ሁለት አዋጆች ብቻ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዋስትናን መብት አድርጎ፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች መከልከልን ለፍርድ ቤት ትቶት ነበር። ማሻሻያው ግን ሚዛኑን ከዳኛው እጅ ነጠቀ።

ለመሆኑ ማን ተጠየቀ? የሕግ ባለሙያው ሊሞግት፣ ጋዜጣው ሊተች የሚችልበት ፋታ አልነበረም። እኔም ብሆን «የባለሥልጣናት ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን» ብለው ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ሕጉ ግን ስም አልጠራም። ለአንድ ሰው የተቆለፈው በር ከዚያ ወዲያ በተጠረጠረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ላይም የሚዘጋ ሆነ።

በዝግታ ሕግ ማውጣት አይቻልም ነበር እንዳይባል ምስክር አለ። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በየመድረኩ ተመክሮበታል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ተሟግቶለታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረውን የልጃገረዶች የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገውን ድንጋጌም ሻረ። የዘመናት ልማድን የነካው ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ዛሬም ይሠራበታል።

በጥድፊያ የወጣው ክልከላ ግን አራት ዓመት ሳይሻገር ለዘበ፤ በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ዋስትና የሚከለከለው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። አፍሶ መልቀም ማለት ይኸው ነው። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ ያለፈውን ጊዜ የሚለቅምላቸው አልተገኘም።

ምክር ቤት ሲቸኩል ከሕዝብ የሚወስደው የመናገሪያ ጊዜውን ነው። ጊዜ የሌለው ድምፅ ደግሞ ከዝምታ አይለይም። ስለዚህ ዛሬም ረቂቅ ሕግ በአንድ ጀምበር ሲጸድቅ በሰማሁ ቁጥር ይዘቱን ከማየቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ስለ ማን ነው?